ከቤት ውስጥ ጥቃት ለመውጣት፦ ስለ መጠለያና ድጋፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሁን አደጋ ላይ ከሆንሽ ንባቡን ተይውና ለፖሊስ ወይም ለአገርሽ የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውይ። ስልክሽን ጥቃት የሚያደርስብሽ ሰውም የሚያየው ከመሰለሽ ደግሞ ወረድ ብለሽ መጀመሪያ ስለ ስልክ የተጻፈውን አንብቢ።

ሕጉና አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። መጠለያዎች የሚሠሩበት መንገድ ግን የትም ቢሆን ይቀራረባል። በሴት አንቀጽ የጻፍነው ወደ መጠለያ የሚመጡት በብዛት ሴቶች ስለሆኑ ነው፤ ለወንዶች የሚሆነው ጥያቄ ለብቻው አለ።

አልመታኝም። እንዲህም ሆኖ ጥቃት ይባላል?

አዎ። ዱላ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ደሞዝሽን ተቀብሎ የትራንስፖርት ሳንቲም ቆጥሮ የሚሰጥሽ ሰው ጥቃት እያደረሰብሽ ነው። ስልክሽን በየማታው የሚፈትሽ፣ ከእናትሽና ከጓደኞችሽ ቀስ በቀስ ያቆራረጠሽ፣ «ብትሄጂ ልጆቹን አታያቸውም» እያለ የሚያስፈራራሽም እንደዚያው። ሳትፈልጊ አልጋ ላይ የሚያስገድድሽም ባልሽ ስለሆነ መብቱ ነው ማለት አይደለም።

ከተጠራጠርሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ስትሰሚ የያዝሽውን ትተሽ ቤቱን በዓይንሽ የምትቃኚ ከሆነ፣ ምን ያስቆጣው ይሆን ብለሽ ድስቱንም ልጆቹንም ፊትሽንም የምታስተካክዪ ከሆነ፣ ያ ተራ የትዳር ግጭት አይደለም። መጠለያ ለመጠየቅ የተሰበረ አጥንት ይዞ መምጣት አያስፈልግም።

ብቻሽንም አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸውና ትዳር ወይም የፍቅር ግንኙነት ከነበራቸው ሴቶች 27 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን ከትዳር ወይም ከፍቅር አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

መጠለያ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ብዙ ሰው እስር ቤት ወይም ሆስፒታል የሚመስል ነገር ነው የሚጠብቀው። አብዛኛው ግን ተራ መኖሪያ ቤት ነው። በዘመናዊ መልኩ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን፣ ቺዝዊክ በተባለ ሰፈር የተከፈተው ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሴቶች የሚሰባሰቡበት ቤት እንዲሆን ነበር። የተደበደቡ እናቶች ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ሲመጡበት አልጋ ወደ መዘርጋት ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሴንት ፖል ከተማ ላይ ተመሳሳይ ቤት ተከፈተ። ያኔም ሆነ ዛሬ ይህን ሥራ በብዛት የሚጀምሩት ሴቶች ራሳቸው ናቸው፤ መንግሥት የሚመጣው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ይህን ይመስላል። በሩ ላይ መጥሪያና ካሜራ አለ። የምትከፍትልሽ ሠራተኛ በጥያቄ አታጣድፍሽም። ሳሙና፣ ፎጣ፣ የሌሊት ልብስና የመኝታ ክፍል ቁልፍ ትሰጥሻለች። ልጅሽ «ወደ ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ሴቶች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእንቅልፍ ያሳልፋሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ጥርስሽን እየቦረሽሽ፣ ለቅሶ ድንገት ይመጣል። አበድኩ ብለሽ አትደንግጪ። ሰውነትሽ ፍርሃቱን የሚያወርድበት ጊዜ ያገኘው ገና አሁን ነው።

ከአልጋው ሌላ የምታገኚው ምግብ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ድጋፍና የልጆች እንክብካቤ ነው። በብዙ ቦታ የሙያ ሥልጠናም አለ። ጉዳይሽን የምትከታተል አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ትመደብልሻለች። ፍርድ ቤትም ክሊኒክም አብራሽ የምትሄደው እሷ ናት።

ሆቴል ግን አይደለም። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፣ የጽዳት ተራ አለ፣ በልጆች ጫጫታ መኮራረፍ አለ፣ የመግቢያ ሰዓት አለ። እንግዳ መጥራትም ሆነ አድራሻውን ለማንም መናገር አይፈቀድም። ለእህትሽም ቢሆን። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ መጠለያ ደንቡን ያበዛዋል። ከአንድ ተቆጣጣሪ አምልጣ የመጣችን ሴት «የት ነበርሽ?» በሚል ጥያቄ መቀበል ደግ ነገር አይደለም። አድራሻ አለመናገርን የመሰለው ደንብ ግን ለሁላችሁም ሕይወት ሲባል የወጣ ስለሆነ ጠብቂው።

ለመግባት መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል?

እንደየቦታው ነው። አንዳንዱ በስልክ ጥሪ ብቻ ይቀበላል። አንዳንዱ ፖሊስ፣ ሆስፒታል ወይም የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲልክሽ ይፈልጋል። ጥሩ መጠለያ ወረቀት ስለሌለሽ ብቻ በር አይዘጋብሽም፤ መታወቂያሽን እሱ ቆልፎበት ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉና።

ስትደውዪ የሚጠይቁሽ የት እንዳለሽ፣ አሁን ማውራት ትችዪ እንደሆነ፣ የተጎዳ ሰው እንዳለ፣ ከስንት ልጅ ጋር እንደምትመጪ፣ መሣሪያ እንዳለውና መድኃኒት የምትወስጂ እንደሆነ ነው። ሙሉ ስምሽን ሳትናገሪ ምክር መጠየቅ ይቻላል። ቦታ የለም ካሉሽ በዚያው አትዝጊው፤ «ሌላ የት ልደውል?» በይ። እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የቦታ እጥረት ግን እውነት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት ለ10,000 ነዋሪ ቢያንስ አንድ ቤተሰብ የሚያሳርፍ ቦታ እንዲኖር ይመክራል፤ እዚያው አውሮፓ ውስጥ እንኳ ብዙ አገሮች እዚህ ላይ አልደረሱም።

ይከፈልበታል?

አብዛኛው ነፃ ነው። ገቢ ላላት ሴት ትንሽ መዋጮ የሚጠይቁ አሉ። ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

ልጆቼን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ትችያለሽ። መጠለያዎች ልጆችን ታሳቢ አድርገው ነው የሚሠሩት። ችግር የሚያመጣው የወንድ ልጅ ዕድሜ ነው። አንዳንድ ቤቶች ጎረምሳ ወንድ ልጅ አይቀበሉም። እናት አንዱን ልጇን ጥላ እንድትገባ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ይመለሳሉ። ስለዚህ በስልክ ስታወሪ ዕድሜውን ቀድመሽ ተናገሪ። የተለየ ክፍል ወይም ሌላ ቤት ሊፈልጉልሽ ይችላሉ።

ልጆቹን ይዘሽ ስትወጪ «ጠለፈችብኝ» ብሎ ሊከስሽ ይችላል። የወጣሽበትን ምክንያት ለፖሊስ ወይም ለጠበቃ ቶሎ ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ድንበር ልትሻገሪ ካሰብሽ ደግሞ ሳታማክሪ አታድርጊው። አንዱ ወላጅ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር ስለሚወስዳቸው ልጆች የወጣው፣ እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች ልጁ ወደነበረበት አገር እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል።

ለልጆቹ እውነቱን በልካቸው ንገሪያቸው። «አባትህ ክፉ ነው» ከሚለው ይልቅ «ማንም ማንንም መምታት የለበትም፤ አሁን ደህና ቦታ ነን» የሚለው ይበጃል። ከቤት ስለመውጣት ግን አስቀድመሽ አትንገሪያቸው። ትንሽ ልጅ ምስጢር መያዝ አይችልም፤ ይህን ሸክም ልንጭንበትም አይገባም።

ብወጣ የባሰ አያደርግብኝም?

ፍርሃትሽ ልክ ነው። «ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚሉ ሰዎች የማይገባቸውም ይኸው ነው። የምትለይበት ሰሞንና ከተለየች በኋላ ያሉት ወራት ለብዙ ሴቶች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ቁጥጥሩ ከእጁ ሲወጣ ይብስበታል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው አልያም በቤተሰባቸው አባል መገደላቸውን ገምቷል። በቀን 140 ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ቁጭ ብለሽ ቻይው ማለት አይደለም። በንዴት ድንገት ከመውጣት በፊት፣ ጊዜ ካለሽ፣ አቅጂ ነው። ባለሙያዎች የደህንነት ዕቅድ ይሉታል። ዋናው ነገር እንደምትሄጂ ለእሱ አለመናገር ነው። «አሁንስ በቃኝ፣ እሄዳለሁ» ብሎ ማስፈራራት ቢያምርሽም ዋጥ አድርጊው። የምትወጪው እሱ በሌለበትና ቶሎ በማይመለስበት ሰዓት ይሁን።

ቦርሳ አዘጋጂ፤ ከተቻለ ግን ከቤት ውጭ፣ የምታምኛት ሰው ጋ ይቀመጥ። የአንቺና የልጆች መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር፣ መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ትርፍ ቁልፍ፣ ልጁ ያለሱ የማይተኛበት አሻንጉሊት። ዋናውን ወረቀት ማንሳት የሚያስጠረጥር ከሆነ ኮፒው ይበቃል። ስልክ ቁጥሮችን ደግሞ በቃልሽ ያዢ ወይም ወረቀት ላይ ጻፊ። ስልኩ ከእጅሽ ሲነጠቅ የእናቷን ቁጥር እንኳ የማታስታውስ ብዙ ናት።

መውጣት ገና ካልተቻለ እዚያው ሆነሽም የምታደርጊው አለ። ጠብ ሲጀመር ከወጥ ቤት ራቂ፤ ቢላዋ ያለው እዚያ ነው። መታጠቢያ ቤትም አትግቢ፤ ሁለተኛ በር የለውም። ወደ መውጫው ጠጋ በይ። ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቃል ተነጋገሩ፦ «ትልቁን ድስት አውሺኝ» ብለሽ ከላክሽባት ፖሊስ ትጥራ።

ስልኬን ያየዋል። እንዴት ነው እርዳታ የምፈልገው?

በሌላ ሰው ስልክ። የጓደኛ፣ የመሥሪያ ቤት፣ የጤና ጣቢያ ስልክ ይሻላል። ይህን ገጽ በራስሽ ስልክ እያነበብሽ ከሆነ ስትጨርሺ ይህን ገጽ ብቻ ከታሪክ ማኅደሩ (የከፈትሻቸው ገጾች ከሚመዘገቡበት፣ «ሂስትሪ» ከሚባለው) አጥፊ። ሙሉውን አትጥረጊው፤ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

አንዳንድ ሴት የራሷን ስልክ አጥርታ የልጇን ታብሌት ትረሳለች። ታብሌቱ የተከፈተው በአባትየው አካውንት ከሆነ፣ ልጁ ካርቱን ሲከፍት ያላችሁበት ቦታ ለአባትየው ይታየዋል። ስለዚህ መጠለያ እንደገባሽ ሁሉንም መሣሪያ ለሠራተኛዋ አሳዪ። የቦታ መጠቆሚያው ይጠፋል፣ የጋራ አካውንቶች ይፈተሻሉ። እንደ ኤርታግ ያሉ ትናንሽ መከታተያዎች የቦርሳ ገበር ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ወይም አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ሊደበቁ ይችላሉ። እነሱም ይፈለጋሉ። የስለላ መተግበሪያ ካገኘሽ ገና እቤቱ እያለሽ አትንኪው። መጥፋቱ ያነቃዋል፣ ማስረጃም ነው። አዲስ ኢሜይል ክፈቺ፤ የምትከፍቺው ግን እሱ በማይደርስበት መሣሪያ ላይ ይሁን።

ድምፅ ማውጣት ካልቻልሽና በቪዲዮ ከሰው ጋር የምታወሪ ከሆነ የእጅ ምልክት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከካናዳ ተነስቶ በብዙ አገር የታወቀ ነው፦ መዳፍሽን ወደ ካሜራው አሳዪ፣ አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ እጠፊ፣ ከዚያ አራቱን ጣቶች በላዩ ላይ ዝጊ። ይህን ምልክት ያየ ሰው እዚያው «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ መጮህ የለበትም። በኋላ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ በሚመለስ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

አንቆኝ ነበር፤ አሁን ግን ምንም አይታይብኝም። ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ?

አለብሽ፣ ዛሬውኑ። መታነቅ ከውጭ ምልክት ሳይተው በውስጥ የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ከቀናት በኋላም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ድምፅ መሻከር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ውስጥ የደም ነጠብጣብ፣ ሽንት ማምለጥ፣ ለአፍታ ራስን መሳት ካለ ለሐኪሙ «አንቆኝ ነው» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። «ተጣልተን ነው» የሚለው አይበቃም። ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ቀደም ሲል በአጋራቸው የታነቁ ሴቶች በዚያው ሰው የመገደል ዕድላቸው ከ7 እጥፍ በላይ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አንድ ጊዜ ካነቀሽ ለመጠለያ ሠራተኞችም ንገሪያቸው፤ የአደጋውን መጠን የሚለኩት በዚህ ነው።

አስገድዶ ደፍሮኛል። ሰዓቱ አልፎብኝ ይሆን?

የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፣ እሱም ቢፈጥን ይመረጣል። ለማስረጃ ሲባል ከመታጠብሽ በፊት ብትመረመሪ ጥሩ ነው። ልብስሽን በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያዢ፤ በላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ታጥበሽም ከሆነ፣ ሰዓቱ አልፎም ከሆነ ግን ሂጂ። ሕክምናው ማስረጃ ብቻ አይደለም። በብዙ አገር ሕክምና፣ ፖሊስና የሕግ ባለሙያ በአንድ ግቢ የሚገኙባቸው የተቀናጁ ማዕከላት አሉ። ያው ታሪክ ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ ከመተረክ ያድኑሻል።

መክሰስ ግዴታ ነው?

ብዙ ቦታ አይደለም፤ የመጠለያ አልጋም በክስ መያያዝ የለበትም። ሳትከሺም የጥበቃ ወይም የእግድ ትዕዛዝ ከፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻልባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ትዕዛዙ ወደ ቤትሽ፣ ወደ ሥራሽና ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይጠጋ ይከለክለዋል። ወረቀቱ ግን በራሱ ጥይት አይመልስም። ዋጋ የሚኖረው እሱ ትዕዛዙን ሲጥስ ፖሊስ የሚይዘው ከሆነ ነው። ኮፒውን ሁልጊዜ ከአንቺ ጋር፣ አንዱን ደግሞ በትምህርት ቤቱ አስቀምጪ። የዛቻ መልእክቶችን አታጥፊ።

ቤተሰብ «ታረቂ፣ ገመናሽን አታውጪ» ይለኛል።

ማስታረቅ የሚሠራው ሁለቱ እኩል ሆነው ሲቀመጡ ነው። አንደኛዋ የምትናገረው ቃል ማታ ምን እንደሚያስከትልባት እያሰላች ከሆነ ዕርቅ ሳይሆን ስምምነት ማስፈረም ነው የሚሆነው። የኢስታንቡል ስምምነት የሚባለው የአውሮፓ ምክር ቤት ውል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጸድቅ፣ አንቀጽ 48 ላይ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አስገዳጅ ሽምግልናን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘመዶችሽ ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። ግን አብረውሽ የሚያድሩት እነሱ አይደሉም። ለልጆች ስትዪ መቆየትን በተመለከተ፣ ልጆቹ ከጎን ክፍል ሆነው ሁሉንም ነገር ይሰማሉ።

የምናገረው ነገር በምስጢር ይያዛል?

አዎ፣ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር። ልጅ እየተጎዳ ከሆነ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ሠራተኛዋ ለሚመለከተው የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርባት ይችላል። ገና ከመጀመሪያው ጠይቂያት። በሰው አገር የምትኖሪ ከሆነ ስለ አስተርጓሚው ጠንቀቅ በይ። የአገሬ ልጅ ናት ብለሽ ያመንሻት የባልሽ ወዳጅ ዘመድ ልትሆን ትችላለች። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው እንዲመጣልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ልጅሽን ግን አስተርጓሚ አታድርጊው።

ስንት ጊዜ መቆየት እችላለሁ? ከዚያስ የት እሄዳለሁ?

የአስቸኳይ ጊዜ መጠለያ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ነው። ከዚያ የሚቀጥል የሽግግር ቤት ካለ እስከ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። በእኔ አስተያየት የመጠለያ ጥሩነት የሚለካው በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው ነው። ሥራና የቤት ኪራይ ሳታገኝ የወጣች ሴት ወደዚያው በር ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት አንስተሽ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ቀለብና ስለ ራስሽ የባንክ ሒሳብ ማውራት ጀምሪ።

አንዴ ወጥቼ ተመልሼበታለሁ። እንደገና ይቀበሉኛል?

ይቀበሉሻል። ተመላልሶ በመጨረሻ መውጣት የተለመደ ነው። «አላልንሽም?» የሚልሽ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ወንድ ነኝ። ለእኔስ ቦታ አለ?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ አገሮች ለወንዶች የተለየ መጠለያ አላቸው። ሌሎቹ የሆቴል ወይም የግል ክፍል ወጪ ይሸፍናሉ። የስልክ ምክር፣ የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ ግን ብዙውን ጊዜ ለወንዶችም ክፍት ነው። ስትደውል «ወንድ ሆነህ እንዴት?» የሚል ቢያጋጥምህ ስልኩን ዘግተህ ሌላ ጋ ሞክር።

ጓደኛዬ ናት የምትጠቃው። ምን ላድርግ?

እመኛት። ምረጥልኝ ብትልህም አትምረጥላት፤ ሌላ ሰው ሲወስንላት ኖራለች። «ውጪ!» ብለህ ጫና ብታደርግና ባትወጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንተንም ትደብቅሃለች። ይልቅ የሚጨበጥ ነገር አድርግ፦ ቦርሳዋን አስቀምጥላት፣ ስልክህን አውሳት፣ ልጇን ከትምህርት ቤት አምጣላት። እሱን ሄደህ «እንዲህ ታደርጋለህ አሉ» ብለህ አትገሥጸው። ሒሳቡን የምትከፍለው እሷ ናት።

ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። ዕቃዬን ለማምጣት መመለስ እችላለሁ?

ብቻሽን በፍጹም። «ነይና ልብስሽን ውሰጂ» ብሎ ቢጠራሽም አትሂጂ። በመጠለያው በኩል ፖሊስ እንዲያጅብሽ ጠይቂ። ፖሊስ በር ላይ የሚቆምልሽ ለአጭር ጊዜ ስለሚሆን የምትወስጂውን አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊ። ከወረቀቶቹና ከመድኃኒቱ ጀምሪ፤ ልብስ ከዚያ በኋላ ነው። ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ለፍርድ ቤት ይቆዩ።